አንድ በሬ ያለው ቤት

ከወሎ ደጋ የመጣን ተማሪዎች በምግብ አዳራሹ ሰልፍ ስለ እንጀራው መሣሣት ከጓደኞቻችን ጋር እናጉረመርማለን። የተማሪ ወግ ነውና አይነቀፍም። ነገር ግን ያደግንበት ቤት ጎተራ በነሐሴ ምን እንደሚመስል የሚጠይቀን ስላላገኘን ጥቂት ለመጻፍ ወደድን።

በአገራችን ሁለት ዝናም አለ፤ በልግና ክረምት። የበልጉ ገብስ በሰኔና በሐምሌ ከደረሰ ቤተ ሰቡን እስከ መኸር ያሻግራል። በልጉ ከቀረ ግን ጎተራው ይጠረጋል፤ ለዘር የተቀመጠውም እህል ከልጆች አፍ ጋር ይሟገታል።

ከዚህ የባሰው የበሬ ነገር ነው። ሞፈርና ቀንበር ጥንድ ይፈልጋል፤ ብዙው ቤት ግን ያለው አንድ በሬ ነው። ስለዚህ ሁለት ጎረቤታሞች በሬዎቻቸውን ያቀናጃሉ፤ መቀናጆ ይባላል። መልካም ዘዴ ነው፤ ዳሩ ግን ዛሬ የእርሱ ከታረሰ የእኛው ነገ ነው፤ ዝናሙ ደግሞ ተራ አይጠብቅም። አንድም በሬ የሌለው፥ በተለይም ባሏ የሞተባት ሴት፥ መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች፤ ከምርቱም ግማሹ በደጇ አልፎ ይሄዳል።

ክፉ ዘመን ሲመጣ መጀመሪያ ዶሮው፥ ቀጥሎ በጉ፥ ከዚያም ጊደሯ ትሸጣለች። በሬው የመጨረሻ ነው፤ እርሱ ከወጣ የከርሞው እርሻ አብሮ ወጣ ማለት ነውና። ያን ጊዜም አገሩ ሁሉ ከብቱን ወደ ገበያ ስለሚነዳ ዋጋው ይወድቃል። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፥ በ1965ና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረኃብ ጊዜ በደሴ የእህል ዋጋ ከወትሮው እጅግ እንዳልናረ፥ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የወጣ እህል እንደ ነበረ ጽፏል። እኛ ስናነበው ተደነቅን፤ አባቶቻችን ግን ባልተደነቁም ነበር።

በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ጭሰኝነት ቀረ፤ እርሻው ግን ለልጅ በተከፈለ ቁጥር ጠበበ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብርም እርከን ለሚሠራ ችግረኛ እህል ወይም ገንዘብ የሚሰጠው ለቀለብ ሲል ከብቱን እንዳይሸጥ ነው። ደግ ነገር ነው፤ ሆኖም ያለውን በሬ ያቆይለታል እንጂ ሁለተኛውን አይገዛለትም።

ለመሳፈሪያና ለልብስ የሆነን ገንዘብ ለብዙዎቻችን ከአንድ ወይፈን የወጣ ነው። አሁን ታናናሾቻችን ስልክ ሲደውሉ፥ «ጋሼ፥ ሲመረቁ ይመለሳሉ ወይስ ድርሻዎን ልረሰው?» ይሉናል። የሰኔ እርሻ ሳይጀመር መልስ ይፈልጋሉ።