ከብርጭቆው የሚወጣው ማነው?

ከመካነ ሰላም ደጋ ወደ ዓባይ የሚወርድ መንገደኛ በመጀመሪያ የሚረግጠው ከእሳተ ገሞራ የተገኘውን ጥቁር ዓለት ነው። ወደ ሸለቆው ጥልቀት በቀረበ መጠን ግን የኖራ ድንጋይና የጀሶ ንጣፎች ይተኩታል፤ እነዚህም አገሩ ባሕር በነበረበት ዘመን ከውሃው ተለይተው የዘቀጡ ናቸው።

በዚያ ደጋ ኬሚስትሪ ባስተማርሁባቸው ዓመታት የብር ናይትሬት ጠርሙስ አልነበረንም። ተማሪዎቼ የመሟሟትን ሠንጠረዥ በእንግሊዝኛ እንደ ዳዊት ይደግሙታል። ሁለት አዮናዊ ውሁዶች በውሃ ውስጥ ሲገናኙ ጥንዶቹን አለዋውጠው ቀስት ያሰምራሉ፤ አንድ ነገር በእርግጥ መፈጸሙን የሚጠይቅ ግን አልነበረም። ስለዚህ ከምድጃ አመድ አስመጣሁ።

አመድ በውሃ ተዘፍዝፎ ሲጠልል የሚገኘው ፈሳሽ በአብዛኛው የፖታስየም ካርቦኔት ሙሙት ነው። ከጨው ውሃ ጋር ቀላቀልነው። በወረቀቱ ላይ ሶዲየምና ፖታስየም ቦታ ተለዋወጡ፤ ብርጭቆው ግን እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ ቀረ።

«መምህር፣ ታዲያ ምን ተለወጠ?» ስትል አንዲት ተማሪ ጠየቀች።

ምንም። አራቱም አዮኖች እንደ ዋኙ ናቸውና አፀግብሮት የለም። ተማሪ ይህን «ምንም» በፈተና ወረቀት ላይ ለመጻፍ መድፈሩን እኔ ከብዙ ቀመር አስበልጠዋለሁ።

ቀጥሎ ከጀሶ የተሠራ ጠመኔ ፈጭተን፣ በውሃ በጥብጠን አጠለልን። በአንድ ሊትር የሚሟማው 2 ግራም ያህል ብቻ ቢሆንም ይበቃል። የአመዱ ውሃ ጠብ ሲልበት ብርጭቆው እንደ አጓት ደፈረሰ። ካልሲየምና ካርቦኔት ተያይዘው ነጭ ዝቃጭ ሆነው ወረዱ፤ ፖታስየምና ሰልፌት ተመልካች ሆነው ቀሩ። የአፀግብሮቱ ዓይነት የሚታወቀው እንግዲህ ከሙሙቱ ማን እንደ ወጣ በመጠየቅ ነው። (ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ የአዮኖችን ሐሳብ መሠረት በጣለበት የእ.ኤ.አ. 1884 የዶክትሬት ጽሑፉ ከፈታኞቹ ያገኘው ዝቅተኛ ማዕረግ ነበር፤ የኖቤል ሽልማት የተቀበለው በ1903 ነው።)

በዝቃጩ ላይ የሎሚ ጭማቂ ስናፈስበት ተንፈቀፈቀ፤ አሁን የወጣው ጋዝ ነው። አሲድና ቤዝ ተገናኝተው ውሃ የሚሆኑበት ዓይነት ግን ለዓይን አይታይም፤ ምልክቱ ሙቀት ነው። የኖራ ውሃችንና ሎሚያችን ቀጫጭን ስለ ነበሩ ሙቀቱ ለመዳፍ የሚበቃ አልነበረም። ተማሪዎቼ ግን ደወሉ ከተደወለ በኋላም ብርጭቆውን እየተቀባበሉ ይዳስሱት ነበር።