የማስታወቂያ ሰሌዳ አንባቢዎች

የምንማርበት ክፍል አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እኛ ሦስት ጓደኛሞች በየጧቱ ሁለተኛው ፎቅ ስንደርስ ቆም እንልና ማስታወቂያ እናነባለን። ዓመቱን ሙሉ ያው ማስታወቂያ ነው፤ የጠፋ መታወቂያ፣ ቀኑ ያለፈበት የፈተና ፕሮግራም፣ አባላት እፈልጋለሁ የሚል የድራማ ክበብ ጥሪ። በቃላችን ይዘነዋል። የሚያልፉን ተማሪዎች «እነዚህ ልጆች እንዴት ያሉ ንቁዎች ናቸው» ሳይሉን አይቀሩም። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ትንፋሽ እየሰበሰብን ነበር። ሦስታችንም አስም አለብን።

የተዋወቅነውም በዚሁ በአስማችን ነው። አንደኛ ዓመት ሳለን የስፖርት ኮርስ ነበረብን፤ ሦስታችንም የሐኪም ወረቀት ይዘን ቀረብን። መምህሩ ደግ ሰው ነበሩ። «እናንተ እረፉ» አሉን፤ አረፍን። ሌላው ሲሮጥ እኛ ሜዳው ዳር ካለው ደረጃ ላይ ተቀምጠን የሰው ጃኬትና ስልክ እንጠብቅ ነበር። ኮርሱ ቢያልቅም እረፍቱ አላለቀም። ሁለት ዓመት አረፍን።

ከመካከላችን አንዱ የመንዝ ልጅ ነው። ትምህርት ቤቱ ከቤቱ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነበር፤ ቁልቁል ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ደግሞ ሽቅብ ወጥቶ። የመንዝን የጧት ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ያን ጊዜም ደረቱ ያፏጭ ነበር። እናቱ «ብርድ መቶት ነው» ብለው ነጭ ሽንኩርት በማር ይሰጡታል፤ እሱም ሲያፏጭበት ቆም ይላል፣ ሲተወው ይሄዳል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ ከተማ ወርዶ ታየና «አስም ነው» ተባለ። ከዚያች ቀን ወዲህ ሮጦ አያውቅም። «በሽታው ሳይሆን ስሙ ነው ያስቀመጠኝ» ይላል ራሱ፣ እየሳቀ። እኛ ሁለቱ የከተማ ልጆች ደግሞ መጀመሪያውኑም አልሮጥንም፤ «ልጄ አትሩጥ፣ አፈር ስሆን» እየተባልን ነው ያደግነው።

አንድ ቀን ፎቁን የሚያጸዱት እናት፣ እኛ ማዘር የምንላቸው፣ ባልዲያቸውን አንጠልጥለው ሲወጡ ሰሌዳው ሥር አገኙን።

«ምን የሚነበብ ተገኘ እናንተ ልጆች? ያንን ወረቀት እኮ ካቻምና ነው የለጠፍኩት» አሉ።

ሳቅን። ሳቁ ሳል አመጣብን፣ ሳሉ ፉጨት። ማዘር ባልዲውን አስቀመጡና ከሽርጣቸው ኪስ ሰማያዊ ፓፍ አወጡ። ከኛ ጋር አንድ ዓይነት!

«ይኸው እኔም አለኝ። ፎቁን በቀን ስንቴ እንደምወጣው ታያላችሁ። እናንተ እኮ በሽታው ብቻ አይደለም፤ ተቀምጣችሁ ተቀምጣችሁ ነው» ብለውን ባልዲያቸውን አንስተው ወጡ። ሳያለከልኩ።

ያን ዕለት ማታ ስለ ገዛ ሳንባችን ማንበብ ጀመርን። ስለ ቤት መድፊያና ስለ ግጥም ምጣኔ ሦስት ዓመት ተምረን ስለ ትንፋሻችን አንድ ገጽ አለማንበባችን ያሳፍራል። ቃሉ ራሱ የግሪክ ነው፤ ማለክለክ ማለት ነው። አሬቴዎስ የተባለው የቀጰዶቅያ ሰው፣ ከሁለት ሺህ ዓመት ግድም በፊት የነበረ ሐኪም፣ ሕመሙን ሲገልጽ ከሩጫና ከሥራ ጋር አያይዞ ነው የጻፈው። እኛ አዲስ ነገር አልደረሰብንም ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ተቀምጦ ሲተነፍስ አየሩ በአፍንጫ አልፎ ሞቆና ርሶ ወደ ሳንባ ይወርዳል። ሲሮጥ ግን አፍንጫ አይበቃውም፤ አፉን ይከፍታል። በደቂቃ ስድስት ሰባት ሊትር የነበረው አየር በብርቱ ሩጫ ወደ መቶ ሊትር ሊደርስ ይችላል። ይኸን ሁሉ ደረቅና ቀዝቃዛ አየር ማሞቅና ማራስ የሳንባ ቧንቧዎች ዕዳ ይሆናል፤ ግድግዳቸው ላይ ያለችው ስስ እርጥበት ትተናለች። እርጥበቷ ስትቀንስ የቀረው ፈሳሽ ጨውነቱ ይበረታል፤ ወጥ ምድጃ ላይ ሲረሳ እንደሚሆነው። ይህ ሲሆን ግድግዳው ውስጥ ያሉ ሕዋሳት ሂስታሚንና ሉኮትራይን የተባሉ ነገሮችን ይለቃሉ፣ በቧንቧው ዙሪያ ያለው ጡንቻ ይኮማተራል፣ መንገዱ ይጠባል። አስም የሌለበት ሰውም ሲሮጥ እርጥበቱ ይተናል። የኛ ግድግዳ ግን አስቀድሞም የተቆጣ ነው፤ ሰበብ ይፈልጋል።

ያስገረመን ጊዜው ነው። ቧንቧው ብዙውን ጊዜ ይበልጥ የሚጠበው ሰውየው እየሮጠ ሳለ አይደለም፤ ካቆመ በኋላ ነው፤ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ባለው ጊዜ። ከዚያም አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ይለቃል። ተራ ድካም ግን ተቃራኒው ነው፤ ሲቆሙ ወዲያው መቅለል ይጀምራል። እንግዲህ ፍረዱን፦ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሰሌዳ ሥር ቆመን በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚተወን ማለክለክ የቱ ነበር? ማዘር ልክ ነበሩ። ብዙውን ጊዜ ያስቆመን አስሙ ሳይሆን የሰነፈው እግራችንና ልባችን ነው። እኛ ግን ማለክለክን ሁሉ አስም ስላልነው ተቀመጥን፤ ስለተቀመጥን ይበልጥ አለከለክን፤ ስላለከለክን ይበልጥ ተቀመጥን።

በነጋታው ክሊኒክ ሄድን። ሲስተር መጀመሪያ የጠየቁን ስለ ሩጫ አይደለም። «ሰማያዊውን በሳምንት ስንት ጊዜ ትስባላችሁ?» አሉን። አንዳችን «በየቀኑ» አለ፣ እንደ ጥሩ ተማሪ። ሲስተር ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰማያዊው፣ ሳልቡታሞል ማለት ነው፣ የተኮማተረውን ጡንቻ ለጥቂት ሰዓት ያላላል እንጂ የግድግዳውን ቁጣ አያበርድም። ቁጣውን የሚያበርደው በየዕለቱ የሚሳበው ስቴሮይድ ያለበት መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ጂና የሚባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያም ለአዋቂዎች ሰማያዊውን ብቻውን መስጠት ትክክል አይደለም ብሏል። ከኛ አንዱ ይኸን ሌላውን መድኃኒት «ሱስ ያስይዛል» ተብሎ ዓመት ሙሉ ሳጥን ውስጥ ቆልፎበት ነበር። ሱስ አያስይዝም። ይኸ ወሬ ስንቱን ሰው ሌሊት እንዳስቀመጠ እግዜር ይወቀው።

ከሐኪም ጋር መድኃኒታችንን ካስተካከልን ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ሲስተር ትንፋሽ መለኪያቸውን፣ ያቺን በአፍ እፍ የሚሏትን ቱቦ፣ ይዘው ከክሊኒኩ ጀርባ አሮጡን። ስድስት ደቂቃ። ከመነሳታችን በፊት የመንዙ ልጅ እፍ ሲል 430 አነበብን። ሮጦ እንደቆመ 440! ጨፈርን። «ቆዩ» አሉ ሲስተር፣ ሰዓታቸውን እያዩ። በሦስተኛው ደቂቃ ዝም አለ። በአምስተኛው ትከሻው ከፍ ከፍ ማለት ጀመረ። በሰባተኛው ደቂቃ 340። ፉጨቱ ለኛም ይሰማን ነበር። ከሁሉ የከፋው ትንፋሹ አልነበረም፤ ዓይኑ ነበር። «አልነገርኳችሁም?» የሚል ዓይን። ፓፉ በሲስተር እጅ ነው፤ ቁጥሩ ከዚህ ከወረደ ይሰጡታል። እስከዚያው እጁን ይዘው «ከንፈርህን ሞጥሙጠህ፣ ቀስ ብለህ አስወጣው» ይሉታል። አሥር ደቂቃ፣ ያው። አሥራ አምስት፣ 360። አርባኛው ደቂቃ ላይ 420። ማንም ምንም ሳይሰጠው።

ልጁ ለረጅም ጊዜ መለኪያውን ሲያገላብጠው ቆየና «ይኸው ነው በቃ?» አለ። በልጅነቱ ወንዙን ተሻግሮ ቆም ሲል ይለቀው የነበረው እኮ ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪክ እምብዛም አይደለም። ማክሰኞና ሐሙስ በ11 ሰዓት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፤ የጧቱ አየር ደረቅና ብርዳም ስለሆነ ለኛ አይሆንም። ከሩብ ሰዓት በፊት ሐኪም ያዘዘልንን ፓፍ እንስባለን። ከዚያ ሩብ ሰዓት ማሟሟቂያ፦ እርምጃ፣ አጭር ሩጫ፣ እርምጃ፣ አጭር ሩጫ። ይህ ለወጉ አይደለም። ቧንቧው አንድ ጊዜ ከተኮማተረ በኋላ ለአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ያህል በሁለተኛው ሩጫ እንደ መጀመሪያው አይጠብም፤ ሁሉም ሰው ላይ ባይሆንም ግማሽ ያህሉ ላይ ይሠራል። ስንጀምር ሁለት ደቂቃ መሮጥ አቅቶን ነበር፤ በሦስት ወር ሃያ አምስት ደቂቃ ደረስን።

ዳንን ብለን ግን አንዋሽም። የትንፋሽ መለኪያችን ዛሬም ያው 430 አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የኮክሬን የጥናቶች ግምገማም የሚለው ይኸንኑ ነው፤ አስም ያለበት ሰው ስፖርት ቢሠራ አይጎዳውም፣ የሰውነት ብርታቱ ይጨምራል፣ የሳንባው ልክ ግን እምብዛም አይለወጥም። የሳኦ ፓውሎ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳሳተሙት ደግሞ አስማቸው ቀላል ያልሆነ አዋቂዎች ለሦስት ወር ሲሠለጥኑ የቧንቧቸው ቁጡነት ቀንሷል። እኛ በበኩላችን የምናውቀው ሌሊት መነሳት መቀነሱን ነው።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አስም እንዳለበት ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? እ.ኤ.አ. በ2008 የቤጂንግ ኦሊምፒክ የአየሩን ብክለት ፈርቶ ማራቶኑን ተወው፤ 10,000 ሜትር ሮጦ ስድስተኛ ወጣ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው አዘነበት። በቀጣዩ ወር በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ጨርሶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። እኛን የሳበን ክብረ ወሰኑ ብቻ አይደለም፤ የሚሮጥበትን አየር መምረጡ ነው። እኛም እንመርጣለን። ኅዳር 12 ቀን፣ ከተማው ቆሻሻውን ሰብስቦ «ኅዳር ሲታጠን» በሚልበት ዕለት፣ በር ዘግተን እንቀመጣለን። በ1911 ዓ.ም. ያ ወረርሽኝ ሰውን ሲፈጅ የተጀመረው ጭስ ዛሬ የሚያጥነው እኛን ነው።

ያልመረጥንበት ቀንም ነበር። ጥር ላይ አንዳችን ጉንፋን ይዞት ሳለ «ምንም አይለኝም» ብሎ ሮጠ። ያ በአርባ ደቂቃ የሚለቅ ዓይነት አልነበረም። ፓፉ አልበጀው አለ፣ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቃተው፣ ሌሊቱን ኦክስጅን ላይ አደረ። እኛ ሁለታችን ኮሪደር ላይ ቁጭ ብለን ያደርነውን አንረሳውም። እናቱ ስትደውል ስልኩን ማን ያንሳ ብለን ተጣልተናል። ሲስተር በነጋታው አልተቆጡም፤ «ጉንፋን ሳለ የለም አላልኳችሁም?» ብቻ አሉ። ብለውን ነበር።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ አሁንም አንዳንዴ እንቆማለን፤ ልማድ ሆኖብን ይሆናል። ባለፈው ሳምንት የድራማ ክበቡ ጥሪ ተነሥቶ በቦታው የኛ ተለጥፏል፦ አስም ያለበት፣ በሐኪም የታየ፣ ማክሰኞና ሐሙስ በ11 ሰዓት ሜዳው ዳር ካለው ደረጃ ይምጣ፤ ፓፉን ይያዝ፤ ጉንፋን ያለበት ሲሻለው ይምጣ። የለጠፉልን ማዘር ናቸው። ረዘም ላለ ጊዜ ቆሞ የሚያነበውን ሰው በስም ባናውቀውም አናጣውም።