ጅግራ ለማደን ለሚነሣ ጀማሪና ለቤተሰቡ

እዚህ ዲላ ወጣቶች፣ በተለይም አዲስ ተጋቢ ወንድሞች፣ ደጋግመው የሚያነሡልኝ ጥያቄ አለ፤ “እትዬ፣ ለክርስቲያን ማደን ኃጢአት ነው ወይ?” ይሉኛል።

የእግዚአብሔር ቃል አዳኝን ያውቀዋል። በዘሌዋውያን 17፥13 ያደነ ሰው ደሙን አፍስሶ በአፈር እንዲሸፍን ታዝዟል። በዘዳግም 22፥6-7 ደግሞ እናቲቱን ወፍ ከጫጩቶቿ ጋር አንድ ላይ መውሰድ ተከልክሏል። እንግዲህ ጥያቄው “ይፈቀዳል ወይ?” ከሚለው አልፎ “እንዴት?” የሚል ይሆናል።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን በጸደይ ወራት የዱር ቱርክ ዶሮ እንደሚታደን ያጫውቱናል። የእኛው ቆላ ደግሞ ጅግራ አለው። ምክሩ ግን እንዳለ አይወሰድም። እዚያ በጸደይ በአብዛኛው የሚታደነው አውራው ነው፤ አውራው ጫጩት በማሳደግ ድርሻ ስለሌለው ቢሞት ጎጆው አይፈርስም። የጅግራ ወንድና ሴት ግን በመልክ እምብዛም አይለዩም። አባትየው ከእናቲቱ ጋር ሆኖ ጫጩቶቹን ይመራል፣ ይጠብቃል፣ ያቅፋል። በዝናብ ወራት፣ እንቁላል በሚጣልበትና ጫጩት በሚፈለፈልበት ጊዜ ጅግራ የሚገድል ሰው አባወራ እየገደለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጫጩት ያስከተለ ጅግራ ካያችሁ እለፉት።

ከመሣሪያ በፊት ሕጉን እወቁ። በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ ማደን ያስቀጣል፤ ብሔራዊ ፓርክማ ማደኛ አይደለም። ጠመንጃውም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የራሱ ፈቃድ ያስፈልገዋል። “ለአንዲት ጅግራ ማን ይጠይቀኛል?” አትበሉ፤ አማኝ ሰው ባያይም ይታዘዛል።

ቦታውንም ምረጡ። የጌዴኦ ደጋ ቡናው፣ እንሰቱና ዛፉ አብረው የሚበቅሉበት የሰው ጓሮ ነው፤ ይህ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በዚያ ጥሻ ውስጥ ቡና የምትለቅም እናት አለች። ወደ ቆላም ስትወርዱ አስቀድማችሁ ለአካባቢው ሽማግሌዎች ንገሩ። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። እንዲህ ያለ ነገር ያለፈበት ሕዝብ ድንገተኛ ተኩስ ሲሰማ ምን እንደሚያስብ አስቡ።

ጅግራ ሌሊት ዛፍ ላይ ያድራል፤ ሲነጋ ወርዶ በመንጋ እየጫረ ፍሬና ነፍሳት ይለቅማል። ዓይኑ የሰላ ነው። ቢደነግጥ መጀመሪያ የሚቀናው መብረር ሳይሆን መሮጥ ነው። ስለዚህ ማልዳችሁ ድረሱ፣ ዝም በሉ፣ አታሳድዱ። ድምፅ ሰምታችሁ ወይም ቅጠል ሲነቃነቅ አይታችሁ ከቶ አትተኩሱ። የምትመቱትንም ከኋላው ያለውንም ለዩ፤ ከቁጥቋጦው ጀርባ ከብት ጠባቂ ሕፃን ይኖራልና። ወደ መንጋው መሐል መተኮስ ብዙዎችን አቁስሎ መተው ነው። የቆሰለውን እስክታገኙት ፈልጉ። ለማዕድ የሚበቃችሁን ካገኛችሁ ደግሞ ተመለሱ።

የራሴን ቤት ላካፍላችሁ። ባለቤቴ መጋቢ ነው፤ ያደገው ቆላ ነው። የ17 ዓመቱ ልጃችን “አባዬ፣ ማደን አስተምረኝ” ሲለው ባለቤቴ ደስ አለው፤ እኔ ግን ጠመንጃ ስለምፈራ እምቢ አልኩ። ብዙ ተነጋገርን፣ ጸለይንም። በመጨረሻ ሦስት ቅዳሜ ያለ መሣሪያ ሄደው እንዲያዩ ተስማማን። የአገልጋይን ቤት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ አባት ለምእመኑ ሁሉ ጊዜ አለው፣ ለልጁ ግን የሚተርፈው ጥቂት ነው። ልጄ ከወራት ዝምታ በኋላ ከአባቱ ጋር ማውራት የጀመረው በእነዚያ ቅዳሜዎች ነው። ሴቲቱ ጅግራ በሁለት ምት እንደምትጣራ፣ ወንዱ እንደዚያ እንደማይጣራ ማዕድ ላይ ያስረዳን ጀመር። ሦስቱ ቅዳሜ አልቀው ፈቃድ እናውጣ ወይ ብንለው “ገና አላየሁም” አለን። እስከ ዛሬም ባዶ እጃቸውን ይወጣሉ፤ እኔም ቆሎ ቋጥሬ እሸኛቸዋለሁ።

ባሎች ሆይ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ከሚስቶቻችሁ ጋር ተስማሙ፤ የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ንገሯቸው። እሑድን ለጉባኤው ተዉ። ሚስቶችም ሆይ፣ ፍርሃታችሁን በኩርፊያ ሳይሆን በቃል ግለጹ። አዳኝ ከሁሉ በፊት መታገሥን ይማራል፤ ትዳርም ያንኑ ትዕግሥት ከሁላችን ይጠይቃል። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።