ስድስቱ እንክብሎች

ፈተናዋ ሊደርስ አሥር ቀን ሲቀረው ነው። ታናሽ እህቴ እራት ላይ በግራ በኩል ብቻ ስታኝክ አየኋትና «ምን ሆነሻል?» አልኳት። ቀኝ ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ «ከኋላ ድዴን ያመኛል፣ እታለም» አለችኝ። ወደ መብራቱ ወስጄ አፏን አየሁት። ካበጠው ድድ መሃል የስንዴ ፍሬ የምታክል ነጭ ጫፍ ብቅ ብላለች። 19 ዓመቷ ነበር። «የጥበብ ጥርስሽ ነው፤ ሁሉም ሰው ያመዋል፣ ያልፋል» አልኳት።

እንዲህ በልበ ሙሉነት ያናገረኝ የራሴ አፍ ነው። እኔም በ22 ዓመቴ እዚያው ቦታ ላይ አሞኝ፣ የታዘዘልኝን አሞክሳሲሊን በሦስተኛው ቀን ሲሻለኝ አቋርጬው ነበር። የተረፈው መሳቢያዬ ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀምጧል። ከዚያ ላይ ስድስት እንክብል ቆጥሬ፣ በደብተር ወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋት። ከመድኃኒት ቤት የገዛሁት መስሏት አመሰገነችኝ፤ እኔም ዝም አልኩ። ማታ ማታ ደግሞ አስፕሪን ድዷ ላይ እንድታስቀምጥ ነገርኳት። እናታችን ልጆች ሳለን የምታደርግልን እንደዚያ ነበር።

በሁለተኛው ቀን እብጠቱ ጎደለ። በአምስተኛው ቀን ንጋት ላይ ግን በሬን አንኳኩታ ቀሰቀሰችኝ። ሰውነቷ ይፋጃል፣ ምራቋን በዋጠች ቁጥር ዓይኗ እንባ ያቀርራል። «አፍሽን ክፈቺ» ስላት አመልካች ጣቷን በጥርሶቿ መሃል አስገብታ አሳየችኝ። ከአንድ ጣት በላይ አይከፈትም። ከንፈሯን ገለጥ ሳደርገው አስፕሪኑ ያረፈበት ቦታ ነጭ ሆኖ ተልጧል። አስፕሪን አሲድ ነው፤ ሕመም የሚያስታግሰው ተውጦ ደም ውስጥ ሲገባ ነው፣ ድድ ላይ ሲቀመጥ ግን ሥጋውን ያቃጥለዋል። ይህን የነገረችኝ በዚያው ጠዋት የጥርስ ሐኪሟ ናት።

ሐኪሟ የእህቴን ጣት አይታ «በጤናማ አፍ ሦስት ጣት ተደርድሮ ይገባል» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«መድኃኒት ወስዳለች?»

«አዎ፣ አሞክሳሲሊን።»

«ስንት ቀን?»

«አምስት ቀን።»

«ማን አዘዘላት?»

«ከፋርማሲ ገዝቼላት ነው፣ ዶክተር።»

ስድስት እንክብል በቀን ሦስቴ ሲወሰድ ሁለት ቀን ነው። እህቴ መናገር ስለማትችል ዝም ብላ ታየኛለች። ሐኪሟ አምስት ቀን ተወስዶ ያልሠራ መድኃኒት ነው ብላ መዘገበችና ሌላ ጨምራ አዘዘች። የዋሸሁት አፍሬ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ቀጥላ በቀጭን ስሪንጅ የጨው ውሃ ከድዱ ሽፋን ሥር ረጨች። መጀመሪያ መግል ወጣ፣ ከመግሉ ጋር ደግሞ አንዲት የገብስ ቆሎ ገለባ። ቆሎውን ከሳምንት በፊት አብረን ነበር የቆረጠምነው። ነገሩ ያኔ ገባኝ። ጥርሱ በግማሽ ወጥቶ በግማሽ ሲቀር፣ ድዱ ላዩ ላይ እንደ ክዳን ይቀራል፤ ከክዳኑ ሥር ብሩሽ የማይደርስበት ኪስ ይፈጠራል። ምግብ እዚያ ይገባል፣ ጀርም ይራባል። እንክብሉ በደም በኩል ቢመጣ ኪሱን ሊጠርገው አይችልም፤ ለጊዜው ያበርደውና ተመልሶ ይነሳል። ደስ ብሎኝ የነበረው በዚያ መብረድ ነው። ቁስሉ ወደ አንገት ቢወርድ መተንፈሻዋን ሊዘጋው ይችል እንደነበር ሐኪሟ በረጋ ድምፅ ነገረችኝ። ጉልበቴ ከዳኝ።

ራጁ ላይ ጥርሱ ቀጥ ብሎ አልቆመም። ወደ ፊት ተጋድሞ በጎረቤቱ መንጋጋ ጎን ላይ ተደግፏል። የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ በ6 ዓመት አካባቢ፣ ሁለተኛው በ12፣ ይህ ሦስተኛው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ17 እስከ 25 ባለው ዕድሜ ይወጣል፤ ቦታ ካገኘ። ካላገኘ ይጋደማል፣ ወይም አጥንት ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። አራቱም የሚወጡለት ሰው አለ፣ ጭራሽ የማይበቅልለትም አለ። አርስቶትል ሰማንያ ባለፋቸው ሴቶች ላይ እንኳ በብዙ ሥቃይ እንደወጣ ጽፏል። የጥርሱ አናት አጥንት ውስጥ መጠንከር የሚጀምረው ግን ከ7 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። እጇን ይዤ ሁለተኛ ክፍል ሳደርሳት፣ ይህ ጥርስ ከመንጋጋዋ ውስጥ ሥራውን ጀምሮ ነበር ማለት ነው።

ዓረቦቹ የአእምሮ ጥርስ ይሉታል፣ በላቲንም የጥበብ ነው። ስሙን አልወደውም። ሕመሙን እንደ ዕድሜ ወግ አድርገን እንድንታገሠው ያባብለናል። ጥቂት ድድ መቆጥቆጥ ወግ ነው፤ አፍ አልከፈት ሲል፣ ትኩሳት ሲመጣ፣ መዋጥ ሲያቅት ግን ሐኪም ዘንድ በዚያው ቀን መሮጥ ነው።

ቁስሉ ከበረደ በኋላ ጥርሱ ተነቀለ። በማደንዘዣ ድዷ ተከፍቶ፣ ጥርሱ ለሁለት ተቆርጦ፣ ሁለት ስፌት። ለጥቂት ቀናት በስትሮ እንዳትጠጣ ተነገራት፤ መሳቡ ጉድጓዱን የሸፈነውን የረጋ ደም ይነቅለዋል። ሁለት ፈተና አመለጣት፣ በኋላ ወሰደችው። እኔም ራጅ ተነሳሁ። በግራ በኩል አንዱ እስከ ዛሬ ተቀብሮ አለ፤ ምንም ስላላደረገኝ በየጊዜው እየታየ ይቆይ ተባልኩ። በኔ አፍ የሆነው በእሷ አፍ ይሆናል ብዬ ነበር፤ የራሴ ግራና ቀኝ እንኳ አንድ አልሆኑም።

ጥርሱ በተነቀለ በሦስተኛው ቀን አጥሚት ሳጠጣት፣ ባበጠ ጉንጯ ልትስቅ እየሞከረች «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር» አለችኝ። ያኔ ልነግራት ሲገባ ማንኪያውን ሞላሁና ዝም አልኩ። እንክብሎቹን አልገዛኋቸውም፤ ከመሳቢያዬ የወጡ፣ እኔ በግማሽ የተውኳቸው ናቸው። እስከ ዛሬ አታውቅም። ይህን ጽሑፍ ሌላ ሰው ሳያየው ዛሬ ማታ አነብላታለሁ።