«ይሠራል» ያልኳት ቀን

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። «አንተ ፋርማሲ አይደል የምትማረው? ክሌንቡተሮል የሚባል መድኃኒት ስብ ያቃጥላል አሉኝ። እውነት ይሠራል?» ሠርጓ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። እኔ ደግሞ በዚያው ሳምንት ስለ አድሬናሊን ተቀባዮች ተፈትኜ ጥሩ ውጤት አምጥቻለሁ። «አዎ፣ በመርህ ደረጃ ይሠራል» አልኳት። ስለ ቤታ ተቀባይም አብራራሁላት። እውነቱን ለመናገር፣ ማወቄን ላሳያት ፈልጌ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ አገኘኋት።

መልሴ ውሸት አልነበረም፤ ግማሽ ነበር። እስቲ መጀመሪያ እውነት የሆነውን ግማሽ ልንገራችሁ።

ስንደነግጥ ወይም ስንሮጥ ከኩላሊታችን በላይ ያሉት እጢዎች አድሬናሊን፣ የነርቭ ጫፎች ደግሞ ኖርአድሬናሊን ይለቃሉ። እነዚህ መልእክተኞች የስብ ሕዋስ ላይ ያሉትን ቤታ ተቀባዮች ሲነኩ፣ በሕዋሱ ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚባል ንጥረ ነገር ይበዛል። እሱ ኤንዛይሞችን ያነቃል፤ ኤንዛይሞቹ ደግሞ የተከማቸውን ስብ ወደ ፋቲ አሲድና ግሊሰሮል ይበትኑታል። ፋቲ አሲዱ ወደ ደም ወጥቶ፣ አልቡሚን በሚባል ፕሮቲን ተጭኖ፣ ወደ ጡንቻና ወደ ልብ ይሄዳል። ክሌንቡተሮል ቤታ 2 የሚባለውን ተቀባይ በቀጥታ ይነካል። ኤፊድሪን ደግሞ በአብዛኛው ከነርቭ ጫፍ ኖርአድሬናሊን እንዲለቀቅ ያደርጋል። እዚህ ድረስ የፈተና ወረቀቴ ላይ የጻፍኩት ነው።

ያልነገርኳት ግማሽ ግን ይህ ነው። ስብን ከማከማቻው ማውጣትና ስብን ማቃጠል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እህል ከጎተራ ስለወጣ ተበላ ማለት አይደለም። የሚፈጨውና የሚበላው ከሌለ ተመልሶ ጎተራ ይገባል። ፋቲ አሲድም እንደዚያው ነው፤ ጡንቻ ካልተጠቀመበት ተመልሶ ስብ ሆኖ ይከማቻል። ሌላው ደግሞ፣ የስብ ሕዋስ ላይ ፍሬንም አለ። አልፋ 2 የሚባሉት ተቀባዮች በአድሬናሊን ሲነኩ የስብ መፍረስን ይገታሉ። በሴቶች ዳሌና ጭን አካባቢ ያለው ስብ ላይ ይህ ፍሬን ጠንካራ ነው። የአክስቴ ልጅ ልትቀንስ የፈለገችው ደግሞ በትክክል ከዚያ ነበር።

ከሁሉም በላይ፣ ቤታ ተቀባይ ያለው ስብ ላይ ብቻ አይደለም። ልብ ላይ አለ፣ ደም ሥር ላይ አለ፣ ጡንቻ ላይ አለ። መድኃኒቱ «እኔ የመጣሁት ለስብ ነው» ብሎ ሌላውን አያልፍም።

በመጀመሪያው ሳምንት እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቡና ስትቀዳ ሲኒው ላይ ሲደፋባት አክስቴ «የሠርግ ጭንቀት ነው» ብላ አለፈችው። በሁለተኛው ሳምንት መንቀጥቀጡ ቀነሰ። እሷ ይህን መድኃኒቱ መሥራት እንዳቆመ ቆጠረችው፤ ተቀባዮች ያለማቋረጥ ሲነኩ እየደነዘዙና ቁጥራቸው እየቀነሰ እንደሚሄድ የነገራት ሰው የለም። ስለዚህ ጠብታውን ጨመረች። ክሌንቡተሮል የሚለካው በማይክሮግራም ነው፤ ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ ደግሞ ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። የዛሬው ሳይወጣ የነገው ይደረብበታል።

ሆስፒታል ስደርስ ልቧ በደቂቃ 150 ጊዜ ይመታ ነበር። የደሟ ፖታሲየም ወርዷል፤ ቤታ 2 ሲነካ ፖታሲየም ከደም ወደ ሕዋስ ይገባልና። ፖታሲየም ሲወርድ ደግሞ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። ሐኪሟ «ምን ወስደሻል?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀቻት። አክስቴ አጠገቧ ቆማለች። እሷ ዝም አለች፤ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። አትናገር የሚል አስተያየት ነበር። እኔም ለጥቂት ጊዜ ዝም አልኩ። ያን ዝምታዬን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከዚያ ስሙን ተናገርኩ። አክስቴ የመድኃኒቱን ስም አላወቀችውም፤ የኔን ፊት ግን አነበበች። «አንተ ታውቅ ነበር?» አለችኝ። አውቅ ነበር።

ፖታሲየም ተሰጣት፣ የልቧን ምት የሚያበርድ መድኃኒት ተሰጣት፣ ሌሊቱን ሙሉ ማሽን ላይ አደረች። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቷ ገባች።

ከዚያ በኋላ ነው መጠየቅ የነበረብኝን የጠየቅኩት። ክሌንቡተሮል በአሜሪካ ለሰው አልተፈቀደም፤ የተፈቀደው ለፈረሶች የመተንፈሻ ሕመም ነው። ኤፊድራ የተባለው ተክል ያለባቸው የማቅጠኛ እንክብሎች ደግሞ በ2004 ታግደዋል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በየካቲት 2003፣ የ23 ዓመቱ የቤዝቦል ተጫዋች ስቲቭ ቤክለር በልምምድ ላይ በሙቀት ተመትቶ ሞቶ፣ ኤፊድራ አስተዋጽኦ እንዳደረገ ተነግሯል። ጥናቶች ተሰብስበው ሲገመገሙ ኤፊድሪን ለአጭር ጊዜ የሚያስቀንሰው በወር 0.9 ኪሎ ያህል ሆኖ ተገኘ። የልብ መምታትን፣ የአእምሮ መረበሽንና የመሳሰሉትን ችግሮች ደግሞ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይጨምራል። ከአንድ ኪሎ ላነሰ ነገር!

ይህ ለእኛ ባዕድ ታሪክ እንዳይመስለን። ጫት የቃመ ሰው ምግብ አልበላ የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። ትኩስ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን ሲደርቅ ካቲንና ኖርኤፊድሪን ወደሚባሉ ይለወጣል። የኖርኤፊድሪን የቅርብ ዘመድ የሆነው ፌኒልፕሮፓኖላሚን በአሜሪካ የማቅጠኛና የጉንፋን ክኒን ውስጥ ይሸጥ ነበር። በ2000 ከአንጎል ደም መፍሰስ ጋር ስለተያያዘ ከገበያ እንዲወጣ ተጠየቀ።

ምርምሩ አልቆመም። ቤታ 3ን የሚነካው ሚራቤግሮን ለፊኛ ሕመም የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። በ2015 በወጣ ጥናት 12 ጤናማ ወጣቶች ከተለመደው መጠን እጅግ የበዛ፣ 200 ሚሊግራም፣ ወስደው ሙቀት የሚያመነጨው ቡናማ ስባቸው ነቅቶ በቀን 203 ካሎሪ ያህል ተጨማሪ አቃጥለዋል። ልባቸውም ግን አብሮ ፈጥኗል። ስብን ነክቶ ልብን የማይነካ መድኃኒት ማግኘት ይህን ያህል ከባድ ነው።

ሠርጉ በቀኑ ተደረገ። ልብስ ሰፊዋ ቀሚሱን ከጎኑ ትንሽ ለቀቀችው፤ ማንም አላየም። ከሠርጉ በኋላ የአክስቴ ልጅ «ለምን ሁሉንም አልነገርከኝም?» አለችኝ። «አልጠየቅሽኝም» ማለት እችል ነበር። ግን ጠይቃኛለች። «ይሠራል?» ስትለኝ «ይጎዳኛል?» ማለቷም እንደነበር መስማት ያቃተኝ እኔ ነኝ።

በየቤታችን «የኛ ዶክተር»፣ «የኛ ፋርማሲስት» እየተባልን ገና ሳንመረቅ የምንጠየቅ ብዙዎች ነን። አሁን እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣልኝ ከመመለሴ በፊት እኔ እጠይቃለሁ፦ «ለማን ነው? ገዝተሻል? ዛሬ ወስደሻል?» የማላውቀውን ደግሞ አላውቅም እላለሁ። ፈተና ላይ ነጥብ ያስቆርጣል፤ ቤተሰብ ውስጥ ግን ሰው ያተርፋል።