ሙቀቱ የሚዘገይበት ቦታ

አዲስ አበባ ውስጥ ከባድ ሥራ የሚሠራ ኮምፒውተር ያለው ሰው የፋን ጩኸት ያውቃል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ስለምትበልጥ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ፋኑ እኩል ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ፕሮሰሰርን በውኃ ወደ ማቀዝቀዝ የሳበኝ ይኸው ነው። ራዲያተሩም ዞሮ ዞሮ ሙቀቱን የሚያስረክበው ለዚያው ስስ አየር ቢሆንም፣ ገላው ሰፊ ስለሆነ በዝግታ የሚዞር ፋን ይበቃዋል።

ከሁሉም ልቤን የወሰደው ግን ብሎኩ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚታሰረው፣ ውስጡ ቦይ ያለው የመዳብ ቁራጭ። ብሎክ መንደፍ ስጀምር የምተማመነው በጉልበት እንደነበር አልደብቅም። ጠንካራ ፓምፕ ካለና ውኃው በብዛት ከጎረፈ ሌላው ሁሉ የሚስተካከል ይመስለኝ ነበር።

ሐሳቤን የለወጠው ቀላል ስሌት ነው። አንድ ኪሎ ግራም ውኃ በአንድ ዲግሪ እንዲሞቅ 4,180 ጁል ያህል ይፈልጋል። 200 ዋት በሚያመነጭ ፕሮሰሰር ላይ በደቂቃ አንድ ሊትር ብቻ ቢያልፍ፣ ውኃው ገብቶ እስኪወጣ የሚጨምረው ሙቀት ሦስት ዲግሪ እንኳ አይሞላም። መግቢያውና መውጫው ላይ ቴርሞሜትር አስሬ ያነበብኩትም ይህንኑ ነው። ፕሮሰሰሩ ግን ከውኃው በ40 ዲግሪ ይበልጥ ነበር። ፍሰቱን እጥፍ ባደርግ ከውኃው መሞቅ የምቀንሰው አንድ ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው። ታዲያ የቀረው የት ነው ያለው?

ጥቂቱ በፕሮሰሰሩና በብሎኩ መካከል በሚቀባው ፔስት ላይ ነው፤ እሱን በስሱ ቀብቶ ብሎኩን እኩል ማጥበቅ ነው። ዋናው ግን መዳቡና ውኃው የሚነካኩበት ቦታ ላይ ነው። መዳብ ሙቀትን ከውኃ ከ600 እጥፍ በላይ ያስተላልፋል። መሃል ለመሃል የሚሮጠው ውኃ ምንም ቢፈጥን፣ ግድግዳውን የነካው ቆሞ ይቀራል፤ መዳቡን እንደ ጋቢ ሸፍኖ ሙቀቱን ያፍነዋል። ቦዩ ሲጠብ ይህ ሽፋን ይሳሳል፤ በዚያው ስፋት ላይ ብዙ ቦይ ስለሚገባም የግድግዳው ብዛት ይጨምራል። በ1981 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዎቹ ዴቪድ ታከርማንና ፋቢያን ፒዝ በሲሊከን ላይ 50 ማይክሮን ስፋት፣ 300 ማይክሮን ጥልቀት ያላቸውን ቦዮች ቀርጸው፣ ከአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 790 ዋት ሙቀት ማውጣት እንደሚቻል አሳይተዋል። ዛሬ ድረስ ሳስበው ይገርመኛል።

ጥበቱ ግን ዋጋ ያስከፍላል። የጥልቅ ቦይን ስፋት በግማሽ ቢያጠብቡት፣ በውስጡ ያንኑ ያህል ውኃ ለማሳለፍ ስምንት እጥፍ ግፊት ያስፈልጋል። የዚህን መውጫ ያመላከቱኝ ብሎኩን በፍሬዛ የሚቆርጡልኝ ጋሼ ናቸው። ቀጭኑን ክብ መጋዝ መዳቡ ላይ በዝግታ ያወርዱታል፤ ዘይት ያንጠባጥባሉ፤ ትንሽ ሄደው ያቆሙና ጥርሱ ላይ የተጣበቀውን ብናኝ በብሩሽ ይጠርጋሉ። «መዳብ ሲቸኩሉበት ይለጠፋል፣ ልጄ» ይላሉ። አንድ ቀን ንድፌን አገላብጠው አዩና «ውኃውን ለምን ከዳር ታስገባዋለህ? የሚግለው መሃሉ አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

ውኃው በመሃል ገብቶ ግራና ቀኝ ሲከፈል እያንዳንዱ ጅረት የሚሄደው መንገድ በግማሽ ያጥራል፤ ፍሰቱም በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ በቦዮቹ ውስጥ የሚያስፈልገው ግፊት ወደ ሩብ ይወርዳል፤ አዲሱ ውኃም መጀመሪያ የሚደርሰው በጣም በጋለው ቦታ ላይ ነው። ጥሩ ጥሩ የፋብሪካ ብሎኮችም እንዲህ ይሠራሉ። እኔ ግን የደረስኩበት በጋሼ ጥያቄ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ንድፉን ሳልጨርስ ወስጄ አሳያቸዋለሁ።

አሁን ከ0.5 ሚሊ ሜትር የጠበበ ቦይ አላስቆርጥም። የፋብሪካዎቹ ከዚህም ይጠባሉ፤ የተሻለ እንደሚያቀዘቅዙም አውቃለሁ። ነገር ግን ጠባብ ቦይ እንደ ማጣሪያ ሆኖ ቆሻሻውን ሁሉ ይይዛል፤ በየጊዜው ፈቶ ማጠብ ደግሞ የኮምፒውተሩ ባለቤት ሥራ ነው። የተጣራ ውኃና ዝገት መከላከያ እጨምርበታለሁ። መዳብና አልሙኒየም በአንድ ውኃ ሲገናኙ አልሙኒየሙ ስለሚበላ፣ ራዲያተሩም የመዳብ ወይም የነሐስ እንዲሆን አጥብቄ እጠይቃለሁ።