ቀድመን መጥተናል

ሰው ጨንቆት የተናገረው ሲነጋ ያሳፍረዋል። እኔም ያፈርኩበትን አንድ ሌሊት ላጫውታችሁ ነው።

ነገሩ የሆነው በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ ውስጥ ነው። እናቴን ዝናብ ያራሰው የግቢያችን ደረጃ አዳለጣትና ወደቀች፤ ቀኝ እጇም አንጓው ላይ ተሰበረ። ታክሲ ኮንትራት ይዘን አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሆኖ ነበር። በሩ ላይ የተቀበለችን ነርስ የእናቴን ትንፋሽ ቆጠረች፣ የደም ግፊቷንና የልብ ምቷን ለካች፣ ጣቶቿን እንድታንቀሳቅስ አዘዘቻት። ከዚያም እጇን በካርቶን ደግፋ በፋሻ አሰረችና ማስታገሻ ወግታት፣ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጻፈችበት። «እዚህ ቁጭ በሉ፤ እንጠራችኋለን» ብላን ሄደች።

ቁጭ አልን። 4 ሰዓት ሆነ። ከእኛ በኋላ የመጣ አንድ ጎልማሳ በቃሬዛ አልፎን ገባ። ቀጥሎ አንዲት ነፍሰ ጡር ገባች። ሦስተኛው ሲያልፈን ደሜ ፈላ። ያቺው ነርስ በጥድፊያ በፊታችን ስታልፍ ተነሥቼ የጋዋኗን እጅጌ ያዝኩ። «እኛ ቀድመን መጥተናል! እዚህ ቤት የሚታከመው ዘመድ ያለው ብቻ ነው እንዴ? አንቺ ደመወዝ የምትበዪው እኮ በእኛ ግብር ነው!» ብዬ ጮኽኩባት። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየን።

እሷ ግን አልተቆጣችም። እጅጌዋን መንጭቃ፣ «ይልቀቁኝ፣ ሕፃን አለ» ብላ ሮጠች። በሌላው እጇ ትንሽ የኦክስጅን ጭንብል መያዟን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እናቴ በደህና እጇ ጃኬቴን ሳብ አድርጋ፣ «ተው ልጄ፣ እኔ እየተነፈስኩ ነው» አለችኝ።

የዚያን ሕፃን መጨረሻ አላወቅሁም። ለመጠየቅም ፈራሁ። እጅጌዋን የያዝኩት ምናልባት ለግማሽ ደቂቃ ቢሆን ነው፤ የግማሽ ደቂቃ ዋጋ ግን እንደሚጠብቀው ሰው ይለያያል።

በኋላ ነገሩን ጠይቄ ተረዳሁ። እኛ ተራ የምንለው የዳቦ ቤቱን ተራ፣ የቀበሌውን ተራ ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ይቀድማል። ድንገተኛ ክፍል ግን ተራውን የሚሰጠው ሕመሙ ነው። አሠራሩን ትሪያጅ ይሉታል፤ መለየት የሚል ትርጉም ካለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። የናፖሊዮን ጦር ሐኪም የነበረው ዶሚኒክ ላሬ ቁስለኛው ጄኔራል ይሁን ተራ ወታደር ሳይል፣ ቁስሉ የከበደውን ያስቀድም እንደነበር ይነገርለታል። በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በእኛም አገር ሆስፒታሎች ሥራ ላይ የዋለው ሥርዓት ደግሞ ሕመምተኛውን በቀለም ይለያል። ቀይ ወዲያውኑ ይታያል፤ ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ፣ ቢጫ በ1 ሰዓት፣ አረንጓዴ በ4 ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት። ነርሷ የእናቴን ትንፋሽና የልብ ምት የቆጠረችው ለዚህ ኖሯል። እኔ ተረሳን ስል እናቴ ተመዝናለች፤ የተሰጣት ቦታም የእሷው ነው።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች ቤተሰቦችን ለመጠየቅም ለማስታመምም ድንገተኛ ክፍል ደጋግሜ ገብቻለሁ። አንድ ነገር አስተዋልኩ። በጠና የታመመው ዝም ይላል፤ የሚጮኸው አስታማሚው ነው። አንዱ ስልኩን አውጥቶ «አንድ ጊዜ ትልቅ ሰው ላገናኝህ» ይላል። ሌላው መታወቂያውን ይመዛል። ሌላው «ስምህን ንገረኝ» እያለ በስልኩ ቪዲዮ ይቀርጻል። ግሉኮሱ ለምን ቶሎ ቶሎ አይንጠባጠብም ብሎ ራሱ ሊያስተካክል የሚነሣም አለ። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ለሐኪሙ «ዶክተር» እያለ አንገቱን የሚደፋው ሰው ነርሷንና ጽዳት ሠራተኛዋን «አንቺ» እያለ ሲያመናጭቅም አይቻለሁ። እኔስ ያን ሌሊት ከዚህ ምን ተሻልኩ?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከጤና ሠራተኞች ከ8 እስከ 38 በመቶ የሚሆኑት በሥራ ዘመናቸው አካላዊ ጥቃት ይደርስባቸዋል። ስድብና ዛቻ የሚደርስባቸው ደግሞ ከዚህ እጅግ ይበዛሉ።

ይህን ስል ሕዝቡ ያለ ምክንያት ነው የሚቆጣው ማለቴ አይደለም። በእኩለ ሌሊት መድኃኒት ከውጭ ግዙ ተብሎ በዝናብ ፋርማሲ ለፋርማሲ የሚዞር ሰው ቢመረው አይፈረድበትም። አልጋ ጠፍቶ አባቱ አግዳሚ ላይ ሲያድር ያየም እንዲሁ። ለምን እንደምንጠብቅ በሁለት ቃል የሚነግረን ብናገኝ ደግሞ ከጩኸቱ ግማሹ ይቀር ነበር። ነገር ግን አልጋውን ያሳነሰችው፣ መድኃኒቱንም ያጠፋችው ነርሷ አይደለችም። የጎደለውን ሁሉ ተሸክማ ፊታችን የምትቆመው እሷ ስለሆነች ብቻ ዱላው የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። የተቆጣነውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፈርተን ነው። «እናቴ እንዳትሞትብኝ ፈራሁ» ማለት ሲያቅተኝ «ደመወዝ የምትበዪው በእኛ ግብር ነው» አልኩ።

ጄሶው ሊፈታ መስከረም ላይ ስንመለስ እናቴ «ሄደህ ይቅርታ ጠይቅ» ብላ አዘዘችኝ። ነርሷን ድንገተኛ ክፍል በር ላይ አገኘኋት። «ሲስተር፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት» አልኳት፤ አንቱ ማለቴ ለራሴም ተሰማኝ። «ሐምሌ ውስጥ፣ ማታ ላይ፣ እጅጌዎን ይዤ የጮኽኩብዎት እኔ ነኝ።»

ግንባሯን ቋጥራ ትንሽ አየችኝ። «ሐምሌ?» አለች። «አላስታወስኩዎትም ወንድሜ፤ ብዙ ናቸው።»

የማትቀየመኝ ልቧ ሰፊ ስለሆነ ነው ብዬ ተጽናንቼ ልመለስ ነበር። መልሷ ግን አላስመለሰኝም። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ነውር ለእሷ የአንድ አዳር ተራ ወሬ ነበር። ይቅርታዬን የት እንደማስቀምጠው ጠፍቶኝ ቆሜ ስቀር እሷ ወደ እናቴ ዞረች።

«እጅዎ ደኅና ሆነልዎት እማማ?» አለችና፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ አስነሥታ አየቻቸው።